ቶዮታ 22አርኢ፦ አዲስ ጉልበት ከመግዛታችሁ በፊት የጠፋውን ፈልጉ

ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና ኦሮራ አካባቢ የድሮ ቶዮታ ፒክአፕ የያዘ ሐበሻ ሲያገኘኝ ጥያቄው አንድ ነው። «ዳገት ላይ ትሞትብኛለች፤ ጉልበት የሚጨምር ምን ልግጠምላት?» እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፦ ቫልቭ ሬጂስትሮ (የቫልቭ ክፍተት ማስተካከል) ያሠራኸው መቼ ነው? አብዛኛው ሰው ዝም ይላል።

የማወራው ስለ 22አርኢ ነው። ቶዮታ እስከ 1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በሚሸጠው ፒክአፕ ላይ ይገጥመው የነበረው ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር፣ ባለ ኢንጀክሽን የቤንዚን ሞተር። በኋለኞቹ ዓመታት ከፋብሪካ ሲወጣ ጉልበቱ 116 ፈረስ ነበር። ብዙ አይደለም። በዚያ ላይ ከፍታው አለ፤ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት። በአይ-70 አውራ ጎዳና ወጥታችሁ አይዘንሃወር ዋሻ ስትደርሱ ከ3,300 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ከጉልበቱ ሲሶው የለም ማለት ነው። እሱን ለተራራው ተዉለት። እኛ የምንፈልገው ከዚያ ውጪ የጠፋውን ነው።

ከድምፅ እንጀምር። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ስታስነሱ ከፊት በኩል ለጥቂት ሰከንድ የሚንኳኳ ነገር ካለ ጉልበት የመጨመሩን ወሬ ለጊዜው አቁሙ። የታይሚንግ ካቴናው (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ የሚያዞረው ሰንሰለት) ላልቶ ሊሆን ይችላል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያለው ሞተር ካቴናው ነጠላ ረድፍ ነው፤ ግራና ቀኝ የሚደግፉትም ፕላስቲኮች ናቸው። ካቴናው ሲረዝም በሾፌሩ ወገን ያለውን ፕላስቲክ ይመታዋል። ፕላስቲኩ ይሰበራል። ከዚያ ካቴናው የፊቱን ክዳን ራሱን መሞረድ ይጀምራል። ከክዳኑ ጀርባ የራዲያተር ውሃ የሚያልፍበት መንገድ አለ፤ ብረቱ የተበሳ ቀን ውሃው ቀጥታ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። የዘይት መሙያውን ከፍታችሁ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካያችሁ ሞተሩን አታስነሱት።

ለማየት ደግሞ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። የቫልቩን ክዳን ክፈቱና በእጅ ባትሪ ከካቴናው ጎን ወደ ታች አብሩ። በሁለቱም ወገን ደጋፊዎቹ መታየት አለባቸው። የሾፌሩ ወገን ባዶ ከሆነ ሥራው ዛሬ ነው። ስትቀይሩ ጀርባቸው ብረት የሆነውን ግዙ፤ የዋጋ ልዩነቱ የሚያስቆጭ አይደለም። የፊቱን ክዳን ስታወጡ አንድ ቡሎን ይደበቃችኋል። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ፊት ላይ፣ የካምሻፍቱ (የቫልቭ መክፈቻው ዘንግ) ጥርስ ካለበት ፊት፣ ዘይት ያቆረ ጉድጓድ አለ። ዘይቱን በጨርቅ አድርቁት፤ ቡሎኑ እዚያ ሥር ተኝቷል። ይህን ያላወቀ ሰው ሁሉንም ፈታሁ ብሎ በካቻቢቴ ይፈነቅልና አልሙኒየሙን ይሰነጥቀዋል።

ካቴናው ደህና ከሆነ ወደ ቫልቭ እንሂድ። ሬጂስትሮው የሚሠራው ሞተሩ ሞቆ ሳለ ነው፤ ስለዚህ ጓንት አድርጉ። የአየር ማስገቢያው ክፍተት 0.20 ሚሊሜትር፣ የጭስ ማውጫው 0.30። የአንደኛውን ሲሊንደር ፒስተን ኮምፕሬሽን ላይ (ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው) ጫፍ አድርሳችሁ የ1ን ሁለቱንም፣ የ2ን ማስገቢያና የ3ን ማውጫ ትለካላችሁ። ሞተሩን አንድ ሙሉ ዙር አዙራችሁ የቀሩትን አራቱን ትጨርሳላችሁ። ፊለር ጌጁ (ክፍተት መለኪያው ስስ ብረት) ትንሽ ያዝ እያደረገ ማለፍ አለበት። ዳዶውን ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩት፤ ሲጠብቅ የማስተካከያውን ቡሎን ይዞት ይዞራልና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድምፅ በመፍራት ነው። ይህ ሞተር ሲሠራ ትንሽ ቲክ ቲክ ማለቱ ጤናው ነው። እኔ የሚያሰጋኝ ፀጥ ያለው ነው። ክፍተት ያጣ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ወንበሩ ላይ በደንብ አይቀመጥም፤ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት ስለሌለው ይቃጠላል። ኮምፕሬሽኑም አብሮ ይሄዳል።

ቀጥሎ አየር። ይህ ሞተር አየር የሚለካው በምትወዛወዝ ትንሽ በር ነው። ከበሯ በኋላ ሾልኮ የገባ አየር አልተለካም፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚን አይመድብለትም። ከመለኪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው እጥፋት እጥፋት ያለው ጎማ ከሥር በኩል ይሰነጠቃል፤ ከላይ ስታዩት ግን ደህና ይመስላል። አውጥታችሁ እጥፋቱን በጣታችሁ እየከፈታችሁ እዩት። መሣሪያ የማይፈልግ መፈተኛም አለ። በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ጤነኛ ሞተር ወዲያው ይንገዳገዳል፣ ሊጠፋም ይችላል። ምንም ካልመሰለው ሌላ ቦታ አየር እየሳበ ነው።

ታይሚንጉን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) ስታስተካክሉ ኮፈኑ ሥር ባለችው የመፈተሻ ሳጥን ቲኢ1 (TE1) የሚለውን ቀዳዳ ኢ1 (E1) ከሚለው ጋር በአጭር ሽቦ አገናኙ። ያለዚያ ኮምፒውተሩ የራሱን እየጨመረ ያታልላችኋል። ፋብሪካው ያለው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 5 ዲግሪ በፊት ነው። አንዳንዱ ሰው 8 ላይ ያደርገውና ትንሽ መነቃቃት ያገኛል፤ እኔም አልቃወምም። ግን ኮሎራዶ ውስጥ ሬጉላር የሚባለው ቤንዚን 85 ኦክቴን ነው። በ85 ታይሚንግ አሳድጋችሁ ዳገት ላይ ብትረግጡት ፒስተኑ ላይ የሚያንኳኳ ድምፅ ትሰማላችሁ። ወይ የተሻለ ቤንዚን ቅዱ፣ ወይ ወደ 5 መልሱት። ካንዴላውን፣ ገመዱን፣ የቤንዚን ፊልትሮውን አልዘረዝርም፤ መቼ እንደተቀየሩ ካላወቃችሁ ቀይሩ።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም ከባድ ከሆነች ማርሚታውንና ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (ጭሱን የሚያጣራውን) ጠርጥሩ። ቫኩም ጌጅ (የሞተሩን የአየር መሳብ ኃይል መለኪያ) አስገብታችሁ ሞተሩን 2,500 ዙር ላይ ያዙት። ቀስቱ ቀስ እያለ ከወረደ ጭሱ መውጫ አጥቷል። መጽሐፉ በሚኒሞ ጌጁ ከ18 እስከ 20 ኢንች ያሳያል ይላል፤ ዴንቨር ላይ ግን 14 ብታዩ አትደንግጡ። ካታሊቲኩን አውጥቶ ባዶ ቧንቧ የሚበይድላችሁ አይጠፋም። ሕግ ይከለክላል፣ ኤሚሽን (የጭስ ምርመራ) ላይም ትወድቃላችሁ። አዲስ ግጠሙ።

አሁን ወደ ግዢው። ክፍት የሾጣጣ ፊልትሮ ጩኸት ነው የሚጨምረው፤ ከኮፈን ሥር ትኩስ አየር ያስገባል። የፋብሪካው ሳጥን ቀዝቃዛውን ከውጭ ነው የሚስበው። ኦሪጂናሉ የጭስ ማውጫ ከተሰነጠቀ (ይሰነጠቃል) በሄደር (ጭሱ በቀላሉ የሚወጣበት በቧንቧ የተሠራ ማውጫ) መተካት ያዋጣል። ካምሻፍት ካማራችሁ ለስላሳውን ምረጡ። ኃይለኛው ካም በዝቅተኛ ዙር አየሩን ወደ ኋላ እየገፋ ያችን በር ያወዛውዛታል፤ ሚኒሞም አይረጋም።

ገንዘቡ ካለ ግን እኔ የማወጣው ዲፈረንሻል ላይ ነው። አብዛኞቹ የማያቸው መኪኖች ጎማቸው ተቀይሯል። በ28 ኢንች ጎማ 4.10 የነበረ (ጎማው አንዴ ሲዞር ካርዳኑ 4.10 ጊዜ የሚዞርበት) ዲፈረንሻል 33 ኢንች ሲገጠምበት እንደ 3.48 ነው የሚሠራው። አራተኛ ማርሽ አልጎትት የምትለው ለዚህ ነው። 4.88 ብትገጥሙበት ወደ 4.14 ትመለሳላችሁ፤ ሞተሩን ሳትነኩ መኪናዋ ከፋብሪካ እንደወጣች መጎተት ትጀምራለች። ፎር ባይ ፎር ከሆነች የፊቱም የኋላውም አንድ ቁጥር መሆን አለበት፤ ካልሆነ ፎሩን ስታስገቡ እርስ በርስ ይታገላሉ። የጥርሶቹን አነካክ በቀለም ፈትሾ የሚገጥም ባለሙያ ፈልጉ፤ በግምት የተገጠመ ማልቀስ ይጀምራል። ከተገጠመ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 800 ኪሎሜትር ጭነትም ተጎታችም አታሸክሟት፤ ከዚያ ዘይቱን አፍስሳችሁ ቀይሩ።