ሸፊልድ ለገባ ሰው፦ የሪል ኤል መጠጥ ቤት አገባብ

ወደ ብሪታንያ የሚመጣ ኢትዮጵያዊ የሚኖርበትን ከተማ ሁልጊዜ በራሱ ምርጫ አያገኝም፤ ጥገኝነት የጠየቀው የመንግሥት መኖሪያ ወደተገኘለት ይላካል፣ ተማሪው ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት፣ ነርሷም ሆስፒታሉ ወደቀጠራት ትሄዳለች። በዚህ መንገድ ሸፊልድ የደረሱ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ሸፊልድ በ2007 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ሲቲ ኦፍ ሳንክቹዋሪ» በመባል፣ ማለትም ስደተኛን ለመቀበል ቃል በመግባት፣ ከብሪታንያ ከተሞች የመጀመሪያዋ ነች። በዓለም ዘንድ የምትታወቀው በብረታ ብረት ሥራዋ ሲሆን፣ ቢራ ወዳጆች ደግሞ ሪል ኤል ከሚባለው ባህላዊ የእንግሊዝ ቢራ ጋር አያይዘው ያነሷታል።

ሥራ በጀመሩ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አርብ ከሰዓት በኋላ ባልደረቦችዎ «ፐብ እንሂድ» ማለታቸው አይቀርም። ብዙዎቻችን መጠጥ ቤት የሚለውን ነገር በአገር ቤት መልኩ ስለምናስበው፣ በተለይም ሴቶችና ሃይማኖተኛ ሰዎች፣ ምክንያት ፈልገን እንቀራለን። ፐብ ግን በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት እሑድ ምሳ የሚበሉበት፣ የሰፈር ማኅበር የሚሰበሰብበት፣ ሰው ውሻውን ይዞ ገብቶ ጋዜጣ የሚያነብበት ቤት ነው። ጎረቤቱን ቤቱ ጠርቶ ቡና የማያጠጣ ሕዝብ በሚኖርበት አገር፣ ማንም ሳይጠራዎት ገብተው ከማያውቁት ሰው ጋር በሰላም ማውራት የሚችሉበት ቦታ እጅግ ጥቂት ነው፤ በእኔ ግምት ፐብ ከእነዚህ ጥቂቶች ዋነኛው ነው። ስለዚህ የሚከተለው ምክር መጠጥ ለማይቀምሱትም ጭምር የተጻፈ ነው።

በዚህ ቤት ሁሉም ነገር የሚያልፈው በባንኮኒው በኩል ነው። አዲስ አበባ እንደለመድነው ወንበር ይዞ አስተናጋጅ መጠበቅ፣ ይባስ ብሎም ማጨብጨብ፣ እዚህ አይሠራም፤ ምግብ በብዛት ከሚሸጡት ቤቶች በስተቀር ወደ ጠረጴዛዎ የሚመጣ ሰው ስለሌለ፣ አንድ ሰዓት ቢቀመጡም ማንም ምን ልታዘዝ ብሎ አይጠይቅዎትም። ይህም ንቀት አይደለም፤ መብትዎ ነው። ራስዎ ሄደው ያዝዛሉ፣ እዚያው ይከፍላሉ፣ ብርጭቆዎን ይዘው ወደ ፈለጉበት ይቀመጣሉ። ባንኮኒው ፊት ሰልፍ አያዩም፣ ተራ ግን አለ። ማን ማንን እንደቀደመ ቀጂዋም ደንበኞቹም በዓይናቸው ይዘውታል፤ ስለዚህ ገንዘብ ማውለብለብ ወይም ድምፅ ማሰማት ነውር ሲሆን፣ ቀጂዋ ተሳስታ ወደ እርስዎ ብትመጣ አጠገብዎ ያለውን ሰው አመልክቶ «እርሳቸው ይቀድማሉ» ማለት ደግሞ ከረጅም ንግግር የበለጠ ወዳጅ ያፈራል። ካርድ ይያዙ፤ ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉ ቤቶች እየበዙ ነው። ጉርሻ አይጠበቅብዎትም። ቀጂዋን ማመስገን ከፈለጉ «ለራስሽም አንድ ያዢ» ማለት የተለመደ ነው፤ እርሷም የዚያን ዋጋ ጨምራ ትቀበልዎታለች።

ባንኮኒው ላይ ሁለት ዓይነት መቅጃ ያያሉ። አንደኛው ጠባብና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ቁልፉ ሲነካ ቢራው በጋዝ ግፊት የሚወርድበት ነው፤ ከዚህ የሚቀዳው ቀዝቃዛ ላገር፣ ከ1922 ጀምሮ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካስለመደን ቢራ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው ረጅም እጀታ ያለው የእጅ ፓምፕ ሲሆን ሪል ኤል የሚወጣው ከእርሱ ነው። እጀታው ላይ የቢራው ስም፣ የጠማቂው ስምና የአልኮል መጠኑ የተጻፈበት ሰሌዳ ይንጠለጠላል፤ ሰሌዳው ጀርባውን ካዞረ ያ ቢራ አልቋል ማለት ነው።

ሪል ኤልን ለመረዳት ኢትዮጵያዊ ከማንም ይቀድማል፤ ጠላ ያውቃልና። የጠላችን ብቅል፣ እርሾና ጌሾ እዚህም የየራሳቸው አቻ አላቸው፤ ጌሾ የሚሰጠውን ምሬት የሚሰጠው ሆፕስ የሚባል የሐረግ አበባ ነው። ሆፕስ ለእንግሊዞች ከባሕር ማዶ፣ ከፍላንደርስ አካባቢ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የገባ እንግዳ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ኤል የሚባለው ያለ ሆፕስ ይጠመቅ ነበር። ጠማቂዎቹም በአመዛኙ ሴቶች ነበሩ። ኤሉ የደረሰላት ሴት ደጃፏ ላይ እንጨት ታቆም ነበር፤ እኛ አገር በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍተን ጠላ መኖሩን እንደምናሳውቀው ማለት ነው። በ1393 ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ ኤል የሚሸጥ ሁሉ ምልክት እንዲሰቅል አዘዘ። ዛሬ በየፐቡ ደጃፍ ተሰቅለው የሚያዩአቸው ሥዕሎች የዚያ ልማድ ወራሾች ናቸው።

ይህ ቢራ ከፋብሪካ ሲወጣ አላለቀም። በርሜሉ ውስጥ እርሾው እንዳለ ስለሚላክ፣ ፐቡ ምድር ቤት ከደረሰ በኋላም መፍላቱን ይቀጥላል፤ የሚኖረው ጋዝም ራሱ የፈጠረው ብቻ ነው። የምድር ቤቱ ኃላፊ በርሜሉን አጋድሞ፣ ከላይ ባለው ቀዳዳ አየር የሚያስተነፍስ የእንጨት ውታፍ ሰክቶ ትርፉን ጋዝ ያወጣል፤ ከዚያም አተላው ወደ ታች ዘቅጦ ቢራው እስኪጠራ ይጠብቃል። ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው በርሜል 9 ጋሎን፣ ማለትም 72 ፓይንት (ፓይንት ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ የቢራ መለኪያ ነው) የሚይዝ ነው። አንዴ መቀዳት ከጀመረ ቢራው በጎደለ ቁጥር አየር ስለሚገባበት ሦስት ቀን ገደማ ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ መኮምጠጥ ይጀምራል። አሥር ፓምፕ ደርድሮ ደንበኛ ከሌለው ቤት ይልቅ፣ ሦስት ፓምፕ ብቻ ያለው ግን ሰው የማይጠፋበት ቤት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ይህ አሠራር ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ1960ዎቹ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ተጣርቶ፣ በሙቀት እርሾው ተገድሎና ጋዝ ተሞልቶ የሚቆይ ቢራ አስፋፉ፤ ለማጓጓዝም ለማስቀመጥም ቀላል ነበረና። በ1971 አየርላንድ ለዕረፍት ሄደው የነበሩ አራት እንግሊዛውያን ወጣቶች ይህን ተቃውመው ካምራ የተባለውን የሪል ኤል ተሟጋች ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ በየዓመቱ የመጠጥ ቤቶች መምሪያ መጽሐፍ ያሳትማል፣ የዓመቱን ምርጥ ፐብም ይሸልማል። አንድ ሽማግሌ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ስለ አንድ ቢራ ግማሽ ሰዓት ቢያስረዱዎት አይደነቁ፤ ምናልባት የዚህ ማኅበር አባል ናቸው፤ ለቋንቋ ልምምድም ከእነርሱ የተሻለ አስተማሪ አይገኝም።

ሲያዝዙ «ጥሩው የቱ ነው?» ከማለት ይልቅ፣ መራራ ይወዱ እንደሆነ፣ ጠቆር ያለውን ይፈልጉ እንደሆነ ይንገሩና ቅመሻ ይጠይቁ፤ በትንሽ ብርጭቆ በነፃ ማቅመስ የሪል ኤል ቤቶች ወግ ነው፣ ማንም አያፍርበትም። ቢተር የሚባለው ቀይ ቡናማና መራራ፣ ማይልድ ለስለስ ያለና ብዙ ጊዜ ጥቁር፣ ፔል ኤል ነጣ ያለና ሽታው የፍራፍሬ፣ ስታውት ደግሞ የተቆላ እህል ጣዕም ያለው ጥቁር ነው። ጥቁር ጠላ ለለመደ ሰው ስታውቱ ቶሎ ይገባዋል። የሚቀርቡት በ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ በረዶ የመሰለ ጃምቦ የጠበቀ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ ቅዝቃዜው ሲበዛ ግን ጣዕሙ ይደበቃል። ሸፊልድ ባለችበት በዮርክሻየር ልማድ በመቅጃው አፍ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ያሉት ቁራጭ ስለሚገጠም አረፋው እንደ ክሬም ወፍራም ይሆናል። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ይህ ቁራጭ ይቀራል፤ የትኛው ይሻላል የሚለውን ክርክር ለእነርሱ መተው ይሻላል። አረፋው በዝቶ ቢራው ከጎደለ «ሙዪልኝ» ማለት ይችላሉ። ሆምጣጤ ሆምጣጤ ካለዎት ደግሞ ግማሹን ሳይጠጡ በትሕትና ይመልሱት፤ ደህና ቤት ያለ ክርክር ይቀይርልዎታል።

አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው። ግማሽም፣ ሲሶም ማዘዝ ይቻላል፤ ወንድ ልጅ ግማሽ አያዝዝም የሚል አሮጌ ቀልድ ቢሰሙም አይስሙት። አብዛኛው ሪል ኤል ከ3.5 እስከ 4.5 በመቶ አልኮል አለው፤ የብሪታንያ ጤና ባለሥልጣናት በሳምንት ከ14 ዩኒት (የአልኮል መለኪያ) አይለፍ ሲሉም፣ በዚህ ጥንካሬ ስድስት ፓይንት ያህል ማለታቸው ነው።

አሁን ሰው ወደሚቸገርበት ነገር ልምጣ። እኛ የጋበዘ ይከፍላል፣ ወይም መጨረሻ ላይ «እኔ ልክፈል» እየተባባልን እንጓተታለን። እዚህ ግን አብረው የመጡት በየተራ ለሁሉም ይገዛሉ፤ ዙር ይሉታል። አንዱ ሲገዛልዎት፣ ማንም ባይናገረውም፣ በቀጣዩ ወይም ከዚያ በኋላ ባለው ዙር ተራው የእርስዎ ነው፤ የሌሎችን ሦስት ዙር ጠጥቶ ተራው ሳይደርስ ኮቱን የሚያነሳ ሰው ማንም ፊት ለፊት ባይነግረውም ስሙ ይያዛል። በተቃራኒው፣ በኢትዮጵያዊ ደግነት ሁሉንም ዙር ልክፈል ማለትም ያሳፍራቸዋል። ኪስዎ ካልፈቀደ፣ በተለይ በጥገኝነት ድጎማ የሚኖሩ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ዙር በፊት «እኔ የራሴን ብቻ እገዛለሁ፣ ቶሎ ስለምሄድ» ይበሉ። ይህን ሁሉም ይረዳል። አምስት ሰው ባለበት ዙር አምስት ፓይንት መጠጣት ግዴታ አይደለም፤ መሀል ላይ ውኃ ወይም ለስላሳ ማዘዝ ዙሩን አያፈርስም።

አልኮል ለማይጠጡ ሰዎች ለስላሳ፣ ሻይ፣ ብዙ ጊዜ ቡናና አልኮል አልባ ቢራ አለ፤ የሎሚ ሽሮፕ በሶዳ ደግሞ ርካሹ ነው። ለምን አትጠጣም ብሎ የሚጫን ካለ «አልጠጣም» ይበቃል፤ ሃይማኖትን ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ለጾመኞች ግን አንድ ነገር ማወቅ ይበጃል፦ ሪል ኤልን ለማጥራት ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚሠራ አይዚንግላስ የተባለ ነገር ብዙ ጠማቂዎች ይጨምራሉ። እርሱ ከአተላው ጋር የሚዘቅጥ ቢሆንም፣ ዓሣ በጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለው ክርክር እኛው ዘንድ ስላለ፣ የሚጠነቀቅ ሰው «ይህ ቪጋን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሳይጣራ ደፍረስ ብሎ የሚቀርብ፣ ጉሽ ጠላ የሚመስል ቢራም አለ። ምግቡ ላይ ጥንቃቄው ይበልጣል። ዮርክሻየር ውስጥ ድንች በበሬ ሞራ የሚጠበስበት ቤት ብዙ ነው፤ ባንኮኒው ላይ በከረጢት የሚሸጠው ፖርክ ስክራቺንግ የአሳማ ቆዳ ጥብስ ነው፤ የፓይ ሊጥም በእንስሳ ስብ ሊለወስ ይችላል።

የት ልጀምር ለሚል፣ ከመሀል ከተማ በእግር የሚደረሰው ኬልሃም አይላንድ ይመረጣል። ዶን ወንዝ ዳር ያለ የድሮ የፋብሪካ ሰፈር ሲሆን፣ ከፍም ፊት በላብ የሚጠመቁት ብረት ሠራተኞች ጥማቸውን በቢራ የሚቆርጡበት ነበር። እዚያ ያለው ፋት ካት የተባለ ፐብ በ1981 የተከፈተ ነው፤ በ1990 ከጎኑ የተተከለው ኬልሃም አይላንድ የተባለ ጠመቃ ቤት የሠራው ፔል ራይደር በ2004 የብሪታንያ ምርጥ ቢራ ተብሎ ተሸልሟል። ጥቂት ራመድ ብሎ የሚገኘው ኬልሃም አይላንድ ታቨርን ደግሞ የካምራን የዓመቱ ምርጥ ፐብ ሽልማት ሁለት ዓመት በተከታታይ፣ ለ2008 እና ለ2009፣ ወስዷል። ባቡር የሚጠብቅ ሰው ጣቢያው ውስጥ ያለውን ሸፊልድ ታፕ ይየው፤ የጥንት የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ማረፊያ ታድሶ በ2009 የተከፈተ ነው፤ ቢራ ባይፈልጉም ጣሪያውና ግድግዳው ለዓይን ይበቃሉ።

ሕጉ አጭርና ጥብቅ ነው። ዕድሜ 18 ያልሞላ አልኮል መግዛት አይችልም፤ ከ25 በታች የሚመስልን ሁሉ መታወቂያ መጠየቅም የተለመደ ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ ከዕድሜው በታች ስለሚመስል ሠላሳ ዓመት ቢሆንዎትም ይዘጋጁ። የመኖሪያ ፈቃድ አሁን በኢንተርኔት ብቻ የሚታይ በመሆኑ፣ ፓስፖርት ይዞ ከመዞር ይልቅ የጀማሪ መንጃ ፈቃድ ወይም «ፓስ» (PASS) የሚል ሆሎግራም ያለበት የዕድሜ ማረጋገጫ ካርድ ማውጣት ይሻላል። ለሰከረ ሰው መሸጥ ወንጀል ስለሆነ ቀጂዋ «ይበቃዎታል» ካለች ክርክር አያስፈልግም። መኪና ከያዙ አይጠጡ፤ ጠጥቶ ማሽከርከር ቢያንስ ለ12 ወራት መንጃ ፈቃድ ከማሳገዱም በላይ ወንጀል ሆኖ ስለሚመዘገብ፣ ወደፊት ዜግነት ሲጠይቁ በመልካም ጠባይ መመዘኛው ላይ ይነሣብዎታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄዱ አርብና ቅዳሜ ማታን ይተዉ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ (በእነርሱ 5 ሰዓት) ባንኮኒው ባዶ ስለሚሆን ቀጂዋ ስለ እያንዳንዱ ፓምፕ ለማስረዳት ጊዜ አላት። ማታ ከቆዩ ደግሞ ደወል ይሰማሉ፤ የመጨረሻ ትእዛዝ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ጊዜ የያዙትን ለመጨረስ ብቻ ሲሆን፣ ባዶ ብርጭቆዎን ባንኮኒው ላይ መልሰው ይወጣሉ።