ሀሪኬን ወደ ዘመዶቻችን ሲመጣ ከአዲስ አበባ ሆነን የምንሳሳታቸው ነገሮች

መስከረም 29 ለ30 አጥቢያ፣ 2017 ዓ.ም.፣ አራት ኪሎ ያለው ቤታችን ውስጥ የተኛ ሰው አልነበረም። እህቴ የምትኖረው ፍሎሪዳ፣ ታምፓ አጠገብ ነው። ሚልተን የተባለው ሀሪኬን፣ ማለትም ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ የነፋስና የዝናብ ማዕበል፣ ወደዚያው እየገሰገሰ ነበር። እማዬ መቁጠሪያዋን ይዛ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አጎቴ ቲክቶክ ላይ ናቸው። እኔ በየአምስት ደቂቃው እደውላለሁ።

ከሳምንት በኋላ እህቴ «ከሀሪኬኑ ይልቅ እናንተ ናችሁ ያደከማችሁኝ» አለችን። ቀልዷን ነው። ግን ቀልድ ብቻም አይደለም።

የአትላንቲክ የሀሪኬን ወቅት ከግንቦት መጨረሻ እስከ ኅዳር ሃያዎቹ ይዘልቃል። የሚበረታው ደግሞ ጳጉሜን ላይ ነው፤ እኛ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ስንጠይቅ ማለት ነው። ከትልልቆቹ ሀሪኬኖች ብዙዎቹ የሚጠነሰሱት ከአፍሪካ ወደ ምዕራብ በሚጓዝ የአየር ሞገድ ነው። አንዳንዱን ሞገድ ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ሲከተሉት እስከ ኢትዮጵያ ደጋ ድረስ ደርሰዋል። (ሚልተንስ እዚያው ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የተወለደ ነው፤ በእሱ እንኳ የለንበትም።)

ያን ሌሊት ያልሠራነው ስህተት የለም። ሁሉም በስልክ ከምንላቸው ዓረፍተ ነገሮች ይታወቃሉ።

«ከ5 ወደ 3 ወርዷል፣ ተመስገን!»

ዋናው ስህተት ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሚልተን ባሕር ላይ ሳለ ነፋሱ በሰዓት 285 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። ደረጃ 5 ነው፤ ከዚያ በላይ ደረጃ የለም። ወደ የብስ ሲጠጋ ግን ወደ 3 ወረደ። አጎቴ ሲያበስሩን እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ችግሩ ያ ቁጥር የሚለካው አንድ ነገር ብቻ መሆኑ ነው። የነፋስ ፍጥነት። በሰዓት ከ119 ኪሎ ሜትር ሲጀምር 1 ይባላል፣ 252 ሲያልፍ 5 ይባላል። አለቀ። ስንት ዝናብ እንደተሸከመ አይነግራችሁም። ባሕሩን ምን ያህል እንደሚገፋ አይነግራችሁም። የሚገድለው ደግሞ በአብዛኛው ውኃው ነው። ከ1963 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ማዕበሎች በቀጥታ ከገደሏቸው 10 ሰዎች ወደ 9ኙ የሞቱት በውኃ ነው። ግማሽ ያህሉን የወሰደው ነፋሱ ወደ የብስ የገፋው ባሕር ነው።

ይሄ የተገፋ ባሕር እንደ ሞገድ መጥቶ የሚመለስ አይደለም። ባሕሩ ራሱ ከፍ ብሎ ሠፈር ውስጥ ይገባል፣ ለሰዓታትም ይቀመጣል። በ2022 ኢያን የተባለው ሀሪኬን ፎርት ማየርስ ቢች የገባው ውኃ ከ3 እስከ 4 ሜትር ተኩል ይሆን ነበር። የእኛን ቤት ኮርኒስ አልፎ ይሄዳል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን እንደሚመዝንም አትርሱ።

«3 ብቻ ነው» ለሚል ሰው ሌላ መልስ አለ። በ2005 ካትሪና ሉዊዚያናን ስትመታ 3 ነበረች። ግድቦቹ ተደረመሱ፣ ከኒው ኦርሊንስ 80 በመቶው ያህል ውኃ ዋጠው፣ ከ1,300 በላይ ሰው ሞተ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሃርቪ ሂውስተንን ያጥለቀለቀው ነፋሱ ከደከመ በኋላ ነው። ያኔ ሀሪኬን መባሉም ቀርቶ ነበር። ኔደርላንድ በምትባል የቴክሳስ ከተማ በጥቂት ቀናት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ። አዲስ አበባ ሙሉ ዓመት የምታገኘው 1,200 ቢሆን ነው። ሰኔን ከሐምሌ፣ ነሐሴን ከበልጉ ጠቅልላችሁ በአንድ ሳምንት ጣሪያችሁ ላይ ድፉት።

ስለዚህ ስትደውሉ «ስንት ደረሰ?» አትበሉ። «ቤትሽ የትኛው ዞን ነው?» በሉ። ፍሎሪዳ ውስጥ ለውኃ የተጋለጠው መሬት በፊደል ተከፋፍሏል። ዞን ኤ መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ቢ፣ ከዚያ ሲ እያለ ይቀጥላል። እኛ ሦስት ቀን ሙሉ ስንደውል ይህቺን አንድ ፊደል የጠየቀ አልነበረም።

«ካርታው ላይ አንቺ ከመስመሩ ውጪ ነሽ»

ያ በዜና የምታዩት እንደ ጡሩምባ እየሰፋ የሚሄድ ነጭ ቅርጽ የማዕበሉ ስፋት አይደለም። መሀሉ፣ ዓይኑ የሚባለው፣ ሊሄድበት የሚችለውን መንገድ ነው የሚያሳየው። እሱም ቢሆን ከ3 ጊዜ 2ቱን ያህል ነው የሚይዘው። አንዴ ያመልጣል ማለት ነው። ማዕበሉ ራሱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ ነገር ነው።

ሚልተን ያረፈው በፍሎሪዳ ምዕራብ ዳርቻ፣ ሲየስታ ኪ ላይ ነው። ሰዎች ግን በተቃራኒው፣ በምሥራቁ ዳርቻ ሞተዋል። ያውም ዓይኑ የብስ ሳይነካ፣ ማዕበሉ በወለዳቸው ቶርኔዶዎች። ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ሄሊን የምትባለው መጥታ ነበር። ፍሎሪዳ ገብታ፣ ከባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትር የራቀችውን ተራራማዋን የሰሜን ካሮላይና ከተማ አሽቪልን በጎርፍ አፈራረሰቻት።

«እኛ ደጋ ነን፣ ጎርፍ የቆላ ነው» የሚል መተማመን እኛም ጋ አለ። ነሐሴ ላይ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ተመልከቱና ንገሩኝ።

የታምፓ ነገር ደግሞ ለብቻው ያስቃል፣ ያስፈራልም። ዓይኑ ከከተማዋ ትንሽ ወደ ደቡብ ስላረፈ ነፋሱ የታምፓን የባሕር ወሽመጥ ውኃ ወደ ውጭ ጠረገው። ሰው ሁሉ የፈራው ውኃ ጭራሽ ጎደለ። አጎቴ «በከንቱ አስፈራሩን!» አሉ። በከንቱ አይደለም። ትንሽ ወደ ሰሜን ቢያርፍ ኖሮ ያው ነፋስ ውኃውን ወደ ከተማዋ ይገፋው ነበር። አጠገቧ ያለችው ሴንት ፒተርስበርግ እንኳ የስታዲየም ጣሪያዋ ተገንጥሏል፣ በአንድ ሌሊት 450 ሚሊ ሜትር ያህል ዘንቦባታል። ዘመዳችሁ አንዴ ተርፎ «ድሮም ያጋንናሉ» ማለት ከጀመረ ለሚቀጥለው ዓመት ፍሩለት።

«ለምን አትላንታ አትሄጂም?» እና ተቃራኒው

ሁለቱንም በአንድ ሌሊት ብለናል። እኔ «ውጪ፣ አትላንታ ድረስ ንጂ» እላለሁ። እማዬ ከጀርባዬ «ቤትሽን ለማን ጥለሽ? እግዚአብሔር ባለበት ምን ትሆኛለሽ?» ትላለች።

የእኔ ስህተት ይሄ ነው። ከዞኑ መውጣት ማለት ብዙ ጊዜ ከክፍለ ሀገሩ መውጣት አይደለም። ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ራቅ ብሎ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ጠንካራ ቤት ማግኘት ነው። «ከውኃ ሽሽ፣ ከነፋስ ተደበቅ» ይላሉ እዚያ። በ2005 ሪታ ስትመጣ ከሂውስተን አካባቢ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው ባንዴ መንገድ ወጣ። መኪናው ተቆላልፎ ቆመ። በሙቀቱና በመንገድ አደጋ በዚያ ሽሽት ብቻ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። ውጡ ያልተባሉት ሲወጡ ውጡ የተባሉትን መንገድ ይዘጋሉ።

የእማዬ ግን ከእኔ ይብሳል። እህቴ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሻንጣዋን መኪናው ላይ ከጫነች በኋላ ያን ቃል ሰምታ መልሳ ልታወርድ ነበር። ከአገረ ገዢው መግለጫ ይልቅ የእናት ድምፅ ይከብዳል። ውጡ ከተባለ ከዚህ የሚሄደው ቃል አንድ ብቻ ይሁን፦ ውጪ። ሌባውም፣ ሥራውም፣ ያልተከፈለው የቤት ብድርም በኋላ ይነሳል። ጸሎት ደግሞ መኪና ውስጥም ይደረጋል። እማዬን ያሳመንኳት በዚህ ነው።

«ስልክሽ ለምን ተያዘ?»

የተያዘው እኛ ይዘነው ነው። እኔ፣ አጎቴ፣ የክርስትና እናቷ፣ ጎረቤት፣ ሁላችንም። ሚልተን ከ3 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን መብራት አሳጥቷል። የእህቴ ስልክ 40 ፐርሰንት ቻርጅ ነበረው። ግማሹን የበላነው እኛ ነን፣ «ደህና ነሽ?» እያልን።

እዚያ ያሉ ሰዎች ማዕበል ከሚመጣበት አካባቢ ውጪ የሚኖር አንድ ዘመድ እንዲመርጡ ይመከራሉ። ያ ዘመድ አራት ኪሎ ቢሆን ምን ችግር አለው? አንድ ሰው ምረጡ። እሷ ለእሱ ትጽፋለች፣ እሱ ለሌላው ይናገራል። ትጽፋለች ያልኩት አውቄ ነው፤ ኔትወርክ ሲጨናነቅ ጥሪ እንቢ ሲል አጭር መልእክት ሾልኮ ይገባል። ማዕበሉ ሳይመጣ በፊት ደግሞ አንዴ ደውላችሁ ቁም ነገሩን ጨርሱ። የምታድሪበት ቤት አድራሻ? ከማን ጋር ነሽ? ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ትጽፊያለሽ? መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉት።

«በ8 ሰዓት ተኩል ይገባል አሉ»

የእኛ ሰዓት አቆጣጠር እዚህ ጉድ ይሠራል። ዜናው የፍሎሪዳ ምሽት 8፡30 ይላል። አጎቴ ስድስት ቀንሰው «ምሽት ሁለት ተኩል» አደረጉት፣ ልክ ናቸው። ግን የፍሎሪዳ ሁለት ተኩል ነው። ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ መሆናቸውን ረሱ። ምሽት 3 ሰዓት ላይ «በቃ አለፈ፣ ተኙ» አሉን። እዚያ ገና ቀትር ማለፉ ነበር። ሚልተን የብስ የነካው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

አንድ የሚያግዝ ነገር ልስጣችሁ። ማያሚ ያለው ብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከል በየ6 ሰዓቱ ሙሉ መግለጫ ያወጣል። ፍሎሪዳ ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ በምትሆንበት ወቅት ወደ እኛ ሲመለስ ቀን 6፣ ምሽት 12፣ ሌሊት 6፣ ጠዋት 12 ይሆናል። ለማስታወስ ይሄን ያህል የሚመች ነገር አላየሁም። ማዕበሉ የብስ ሲቃረብ በመሀልም ይጨምራሉ። ከዚያ ውጪ በየደቂቃው ስክሪን መፋቅ ትርፉ እንቅልፍ ማጣት ነው።

«ይሄን ቪዲዮ አየሽው?»

አላየችውም፣ አትላኩላት። አውራ ጎዳና ላይ የሚዋኘው ሻርክ ከ2011 ጀምሮ በየሀሪኬኑ እየተመለሰ የሚመጣ የተቀናበረ ፎቶ ነው። አጎቴ ሁለት ጊዜ ልከውታል።

«ነፋሱ ከቆመ ወጣ ብለሽ እዪ እስቲ»

ድንገት ጸጥ ካለ ዓይኑ ከላይዋ ደርሶ ይሆናል። ሌላው ግማሽ ነፋሱን ከተቃራኒ አቅጣጫ ይዞ ይመጣል። ወጥታ እንድታይ አትጠይቋት።

«በቃ አለፈ»

ይሄ የመጨረሻው ነው፣ እኛንም ያሳፈረን እሱ ነው። ያን ሌሊት ብቻ ስልሳ ጊዜ ያህል ደውለናል። በአራተኛው ቀን ግን ማንም አልደወለም። መብራቷ ደግሞ ገና አልመጣም ነበር።

በ2024 ሐምሌ መጀመሪያ ሂውስተንን የመታው ቤሪል ደረጃ 1 ነበር። ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ቀሩ፣ ያውም በዚያ ሙቀት። ነፋሱ ካለፈ በኋላ ሙቀቱ የገደላቸው ሰዎች ነበሩ። በ2020 ሎራ ሉዊዚያናን ስትመታም ከነፋሱም ከውኃውም ተርፈው በጀነሬተር ጭስ የሞቱ አሉ። ጀነሬተር ጋራዥ ውስጥም ሆነ መስኮት ሥር አይነሳም። ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ ይላሉ።

ይሄን ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም፤ ክረምት ላይ ከሰል አፍኖት ሞተ ሲባል ያልሰማ የለም። እህቴ በሦስተኛው ቀን ኤሌክትሪክ ስለሌለ ቡና በከሰል ላፍላ ብላ ነበር። ሳሎን ውስጥ፣ ዝናብ ስለነበረ። እማዬ ገና «ከሰል» የሚለውን ስትሰማ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ቤት ውስጥ? አብደሻል? ደጅ አውጪው! ዝናቡ እስኪያባራ ቡናው ይቅርብሽ!» በዚያ ሳምንት ከአዲስ አበባ የሄደ ምርጡ ምክር እሱ ነበር።

በአምስተኛው ቀን እኔ ደወልኩ። ደጅ ሣሩ ላይ ከሰሉን አያይዛ፣ ጎረቤቶቿን ጠርታ ተቀምጣለች። ከኋላዋ በማዕበሉ የተገነደሰ ዛፍ ይታያል። እማዬ ስክሪኑ ላይ ተጠግታ አየቻት።

«አቦል ነው?»

«ቶና።»

«በይ በረከቱን ጠጪ። ስትጨርሺ ትደውያለሽ፣ ቻርጅሽ ያልቅብሻል» ብላ ዘጋችው።