ከመንገድ ያነሳችሁት ትንሽ ውሻ ወፈረ? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

አጥንቱ ቆዳውን ሊበሳ ደርሶ ከመንገድ የተነሳ ውሻ ቤት ከገባ በኋላ ሁሉም ያዝንለታል። ልጆቹ ዳቦ ይቆርሱለታል። አያት ከትሪው ያጎርሱታል። ዘበኛው ምሳውን ያካፍለዋል። ዓመት ሳይሞላው ያ ከሲታ ውሻ ሁለት ደረጃ ወጥቶ ቆሞ ያለከልካል። የውሻ ውፍረት ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሩጫን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ሰው ነው የሚያጎርሰው?» ብዬ ነው።

ጎድኑ ሲዳሰስ አይገኝም

ጸጉራም ውሻ ዓይን ያታልላል፤ በእጅ ፍረዱ። መጀመሪያ እጃችሁን ዘርግታችሁ የእጃችሁ ጀርባ ላይ ያሉትን አጥንቶች ዳስሱ። የውሻው ጎድን እንደዚያ ከተሰማችሁ ደህና ነው። ቡጢ ስትጨብጡ የሚወጡትን አንጓዎች ከመሰለ ከስቷል። በአውራ ጣታችሁ ሥር ያለውን የመዳፍ ሥጋ ከመሰለ ወፍሯል። ከላይ ስታዩትም ከጎድኑ በኋላ ወገብ ሊኖረው ይገባል።

ሐኪሞች ይህን ከ1 እስከ 9 በሆነ መለኪያ ይለኩታል። 4 እና 5 ጥሩ ነው። ከ5 በላይ እያንዳንዱ ቁጥር ከ10 እስከ 15 በመቶ ትርፍ ክብደት ማለት ነው።

ቀጥሎ መመዘን ነው። ውሻውን አቅፎ የሰው ሚዛን ላይ መውጣት ለትልቅ ውሻ ይሠራል፤ ለትንሽ ግን የሚዛኑ ስህተት ራሱ የወር ለውጥ ያህል ይሆናል። የሻንጣ መመዘኛ አለ አይደል፣ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች የሚይዙት መንጠቆ ያለው? ውሻውን ዘንቢል ውስጥ አስገቡት፣ የዘንቢሉን ማንጠልጠያዎች መንጠቆው ላይ አንጠልጥሉ፣ ከመሬት ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጉ። የዘንቢሉን ክብደት ቀንሱ። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ሳይበላ መዝኑት።

«ምንም አይበላም፣ ግን ይወፍራል»

ይህን የሚለው ሰው አይዋሽም፤ እሱ የሚሰጠውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ሌላው የሚሰጠውን የሚቆጥር የለም።

ሒሳቡን እንሥራው። ውሻው አሁን 7 ኪሎ ተኩል ነው፣ መሆን የሚገባው 6 ነው እንበል። የስልካችሁን ካልኩሌተር አውጡ። 6 ሲባዛ በ6 ሲባዛ በ6፣ 216። የካሬ ሥር አውጡ፣ ከውጤቱም እንደገና የካሬ ሥር አውጡ፤ 3.83 ገደማ ይመጣል። በ70 አባዙት፤ 268 ካሎሪ። ለመቀነስ የቀን ቀለቡ ይህን ያህል ነው። በደረቅ የውሻ ምግብ ቢሰላ፣ 100 ግራሙ 360 ካሎሪ ከሆነ፣ 75 ግራም ገደማ ማለት ነው። የምግቡ ከረጢት ጀርባ ላይ የተጻፈውን እዩ፤ ከምርት ምርት ይለያያል።

አሁን 50 ግራም ዳቦ 130 ካሎሪ ገደማ ነው። የቀን ቀለቡ ግማሽ በአንድ ቁራሽ አለቀ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ደግሞ 120 አካባቢ አለው። «ትንሽ ቅቤ ጣል አድርጌለት ነው» የምትሉት ይቺን ነው።

መፍትሄው ጠብ አይደለም። አያትን «አያጉርሱት» ብሎ መከልከልም አይሠራም፣ ሲያዝኑ ያድራሉ። ጠዋት የቀኑን ምግብ በኩሽና ሚዛን መዝናችሁ አንድ ጣሳ ውስጥ አድርጉ። ማንም ማጉረስ የፈለገ ከዚያው ጣሳ ያንሳ። ጣሳው ካለቀ ቀኑ አለቀ። አያትም ያጎርሳሉ፣ ውሻውም አይወፍርም። ዘበኛውም ስለ ጣሳው ይነገረው። ከዋናው ምግብ ውጪ የሚሰጥ ነገር ካለም ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ አይለፍ።

ከወጥ ደግሞ ምንም አትስጡት። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ለትንሽ ውሻ ትንሹም ብዙ ነው። ዘቢብና ቸኮሌትም ለውሻ መርዝ ናቸው። ውጭ አገር ያላችሁ የኦቾሎኒ ቅቤ የምትሰጡ ከሆነ፣ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ እንደሌለበት አንብቡ፤ መርዝ ነው።

ሳህኑን ከጨረሰ በኋላም ይለምናል

ይህ የመንገድ ልማድ ነው። ተርቦ ያደገ ውሻ ምግብ ካገኘ ሌላው ሳይቀድመው ላፍ አድርጎ ይውጣል። ዓይኑን እያንከራተተ የሚቆመው ሁልጊዜ ርቦት አይደለም።

ሳህኑን ተዉትና ምግቡን ሰፊ ትሪ ላይ በትኑለት፣ ወይም አሮጌ ፎጣ ውስጥ ጠቅልሉት። እያነፈነፈ ሲፈልግ ደቂቃዎች ይወስድበታል። ቀለቡን ለሦስት ክፈሉት። ሆዱ እንዲሞላ የተቀቀለ ካሮት፣ ፎሶሊያ ወይም ዝኩኒ ጨምሩለት፤ ያለ ዘይት፣ ያለ ጨው። ግቢው ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ ለየብቻ አብሏቸው። ሲበላ የሚያጉረመርም ከሆነ እጃችሁን ሳህኑ ውስጥ አታስገቡ።

በየቀኑ ይንሸራሸራል፣ ግን አልቀነሰም

ሰባት ኪሎ የሚመዝን ውሻ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሄድ የሚያቃጥለው ከዚያ ቁራሽ ዳቦ በጣም ያንሳል። ጉዞው ጡንቻውን ይጠብቅለታል፣ መገጣጠሚያውን ያፍታታል፣ ጭንቀቱን ያበርዳል። ኪሎ የሚቀንሰው ግን ጣሳው ነው።

ጉዞውን በ10 ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ ጀምሩ። ሳምንት ለሳምንት ወደ 20 እና 30 ውሰዱት። አዲስ አበባ ውስጥ ንጋትና ምሽት የመንገድ ውሾች በመንጋ የሚንቀሳቀሱበት ሰዓት ነው፤ ረፋድ ላይ አብዛኞቹ ፀሐይ እየሞቁ ይተኛሉ። ያኔ ውጡ። ድሬዳዋ ያላችሁ ግን ፀሐይ ሳይበረታ ጨርሱ።

ሲሄድ እንደ ዝይ ድምፅ ያለው ደረቅ ሳል ካሳለው የመተንፈሻ ቱቦው እየተጫነ ሊሆን ይችላል፤ ትናንሽ ውሾች ላይ ይበዛል፣ ውፍረት ያባብሰዋል። የአንገት ማሰሪያውን በደረት ማሰሪያ ቀይሩና ለሐኪም አሳዩት። አንድ የኋላ እግሩን አንስቶ ጥቂት እርምጃ ዘሎ እንደገና የሚረግጥ ከሆነም ጉልበቱ ይታይ።

ሆዱ ብቻ ነው ያበጠው

እዚህ ላይ ምግብ አትቀንሱ። ጎድኑ እየታየ ሆዱ ከተነፋ ውፍረት አይደለም። ቡችላ ከሆነ ብዙ ጊዜ የአንጀት ትል ነው። ትልቅ ከሆነ ፈሳሽ ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሴት ከሆነች እርግዝናም አለ፤ 63 ቀን ገደማ ነው። ደም ካየች በኋላ ባሉት ሳምንታት ውሃ ካበዛች፣ ከደበራት፣ ምግብ ካስጠላት ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። ለነገ የሚባል አይደለም፣ ያኔውኑ ሐኪም ጋ።

ቀለቡ በትክክል ተመዝኖ የሚወፍር፣ ብርድ የማይችል፣ ጎኑና ጅራቱ የሚመለጥ ከሆነ ታይሮይዱ ይመርመር። ከተመከነ በኋላ የጀመረ ውፍረት ግን በአብዛኛው በሽታ አይደለም። ፍላጎቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ ሲቀንስ ሳህኑ ስላልቀነሰ ነው።

መቀነስ ጀምሮ ቆመ

ጤናማው ፍጥነት በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ለእኛው 7 ኪሎ ተኩል ውሻ ከ75 እስከ 150 ግራም ማለት ነው። አንድ ኪሎ ተኩሉ ለመውረድ አራትና አምስት ወር ቢፈጅ አይግረማችሁ። ሦስት ሳምንት ምንም ካልቀነሰ ቀለቡን በ10 በመቶ አውርዱ። ከዚያ በታች መቁረጥ ካስፈለገ በሐኪም ይሁን፤ ምግቡ ሲያንስ ቫይታሚኑም ያንሳል።

ከመቁረጣችሁ በፊት ቀን መቁጠሪያውን እዩ። በሁዳዴ የጠፋው አጥንት በፋሲካ ይጎርፋል። የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል፣ ጮማው ቆሽት ያስቆጣል። ከእርድ የተረፈ ጥሬ ጉበትና ሳንባም አትስጡት፤ ውሃ የቋጠረ እባጭ ካለበት ትሉ በውሻው በኩል ለሰው ይተርፋል።

ማሳነስ ጭካኔ ለሚመስለው የቤት ሰው ይህን ንገሩት። አሜሪካ ውስጥ 48 ላብራዶሮች ዕድሜ ልካቸውን ተጠንተው ውጤቱ በ2002 ወጥቶ ነበር። 25 በመቶ ያነሰ ምግብ የተሰጣቸው ሁለት ዓመት ገደማ የበለጠ ኖረዋል።

6 ኪሎ ሲገባ ጣሳውን በ10 በመቶ ጨምሩ። በየሁለት ሳምንቱ እየመዘናችሁ ክብደቱ ሳይወጣ ሳይወርድ የሚቆምበትን ልክ ፈልጉ።