በተለያዩ ስልኮች ላይ ያሉ ካላንደሮችንና የሥራ ዝርዝሮችን እንዴት ማመሳሰል ይቻላል?

በአዲስ አበባ መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው ሁለት ስልክ መያዙ ዛሬ ብርቅ አይደለም። አንዱ የመሥሪያ ቤት ሌላው የግል ይሆናል፤ ወይም አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላው ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት የጀመረው የሳፋሪኮም ሲም ይኖርበታል። የቢሮ ኮምፒውተር ሲጨመርበት ቀጠሮ የሚጻፍበት ቦታ ሦስት ደረሰ ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ ሦስቱም ቦታዎች አንድ ዓይነት ቀጠሮና አንድ ዓይነት የሥራ ዝርዝር እንዲያሳዩ የሚደረግበትን መንገድ ያስረዳል። ነገሩን የተማርኩት የአንድ ዓመት ተኩል ቀጠሮ በአንድ ምሽት ጠፍቶብኝ ነው።

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ታክሲ ስጠብቅ ስልኬን ከእጄ ነጥቀውኝ ሮጡ። በማግስቱ ሲሙን አስወጥቼ ሌላ ስልክ ገዛሁ። ካላንደሬ ከጎግል ጋር የተያያዘ ስለመሰለኝ የጠፋው ዕቃው ብቻ ነው ብዬ ነበር፤ አዲሱን ስልክ ስከፍት ግን አንድም ቀጠሮ አልነበረም። ሁለት ስህተት ሠርቼ ነበር። የድሮውን ስልክ ስገዛ የጎግል አካውንቱን የከፈተልኝ ሻጩ ነው፤ የይለፍ ቃሉን እሱ መርጦ እሱ ጻፈው፣ እኔም አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። የባሰው ሁለተኛው ነው፤ ቀጠሮዎቼን ስጽፍ የኖርኩት አካውንቱ ላይ ሳይሆን ስልኩ ውስጥ ብቻ በሚቀመጠው ካላንደር ላይ ነበር። ከጠፉት ቀናት አንዱ እናቴን ለዓይን ሕክምና የምወስድበት ቀን ሲሆን፣ ሦስት ወር የጠበቅነው ወረፋ በዚያው አለፈን።

መጀመሪያ አካውንቱን ይምረጡ

ስልክ ከስልክ ጋር በቀጥታ አይመሳሰልም። እያንዳንዱ መሣሪያ የሚመሳሰለው ኢንተርኔት ላይ ካለ አንድ አካውንት ጋር ሲሆን፣ ሁለቱ ስልኮች አንድ ዓይነት ነገር የሚያሳዩት ሁለቱም ከዚያው አካውንት ስለሚያነቡ ነው። ስለዚህ የትኛው አፕ ያምራል የሚለው ጥያቄ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ያሉዎት መሣሪያዎች ሁሉ የአፕል ከሆኑ አይክላውድ ይበቃዎታል። መሥሪያ ቤትዎ በማይክሮሶፍት የሚሠራ ከሆነ የአውትሉክ አካውንት ይሻላል። አንዱ ስልክ አንድሮይድ ሌላው አይፎን ከሆነ ግን፣ በሁለቱም ላይም በማንኛውም ኮምፒውተር ብራውዘር ላይም ያለ ክፍያ ስለሚሠራ የጎግል አካውንት እመርጣለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈውም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

አካውንቱን ሱቅ ውስጥ ሌላ ሰው ከፍቶልዎት ከሆነ ዛሬውኑ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ። መልሶ ማግኛ ተብሎ የተመዘገበው ስልክ ቁጥርና ኢሜይል የእርስዎ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ የሻጩ ቁጥር ተመዝግቦ ያየሁባቸው ሰዎች አሉ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ማብራትም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ማረጋገጫው በአጭር መልእክት የሚመጣ ከሆነ ስልኩ ሲሰረቅ ሲሙም አብሮ ስለሚሄድ፣ አዲስ ሲም እስኪወጣ ድረስ ወደ ራስዎ አካውንት መግባት አይችሉም። ለዚህ ሲባል ጎግል እያንዳንዳቸው ባለ 8 አኃዝ የሆኑ 10 መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል። አሳትመው ከልደት የምስክር ወረቀትዎና ከመሳሰሉት ሰነዶች ጋር ቤት ያስቀምጧቸው። ስልኩ ውስጥ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ግን ትርጉም የለውም።

ከዚያ አካውንቱን በሁለቱም ስልኮች ያስገቡና ሲንክ (ማመሳሰያውን) ያብሩ። በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ አካውንቶች የሚለውን ከፍተው የጎግል አድራሻዎን ሲነኩ የሚመሳሰሉ ነገሮች ዝርዝር ይመጣል፤ ካላንደር መብራቱን ይመልከቱ።

አዲስ ቀጠሮ የሚቀመጥበት ቦታ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ሲንክ በርቶ፣ አካውንቱም ገብቶ፣ ቀጠሮው ግን ላይመሳሰል ይችላል። ምክንያቱ አንድ የካላንደር አፕ በውስጡ ብዙ ካላንደሮችን በአንድ ገጽ ላይ ደርቦ የሚያሳይ መሆኑ ነው። አንዱ የጎግል አካውንትዎ ካላንደር ነው፤ ሌላው የመሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ስልክ» ወይም «የእኔ ካላንደር» የሚል ስም የተሰጠው፣ ከዚያ ዕቃ ውጭ የትም የማይሄድ ነው። ሦስቱም በአንድ ወር ገጽ ላይ ጎን ለጎን ስለሚታዩ ዓይን አይለያቸውም።

በሳምሰንግ ስልክ ላይ የመደመር ምልክቱን ነክተው አዲስ ቀጠሮ ሲከፍቱ፣ በሚሞላው ቅጽ ላይ ትንሽ ባለቀለም ነጥብ ያለበት መስመር አለ። እዚያ ላይ የኢሜይል አድራሻዎ ከተጻፈ ቀጠሮው ወደ አካውንቱ ይሄዳል። «የእኔ ካላንደር» የሚል ከሆነ ግን እዚያው ስልኩ ውስጥ ይቀራል። ያንን መስመር ነክተው አድራሻዎን ይምረጡ። እኔ አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ከዚህ መስመር በላይ ያለውን ርዕስና ሰዓት ብቻ እየሞላሁ «አስቀምጥ» የሚለውን ስጫን ነበር የኖርኩት።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ከስልኩ ጋር የመጣውን ካላንደር ትተው በሁሉም ስልኮች ላይ ጎግል ካላንደርን ይጫኑ፤ ከዚያም በአፑ የጎን ዝርዝር ላይ ከአካውንትዎ ካላንደር በቀር የሌሎቹን ምልክት ያንሱ። ምልክቱ ሲነሳ ከእይታ የሚጠፉት ቀጠሮዎች ሁሉ አካውንቱ ላይ ያልነበሩ ናቸው። ጥቂት ከሆኑ በእጅ መልሶ መጻፍ ከሁሉም ይፈጥናል። ሁለት ካላንደሮችን በራሳችን እየገለበጥን እናመሳስላለን የሚሉ ሌሎች አፖችን ግን አልመክርም፤ አንድ ጊዜ ሞክሬ እያንዳንዱ ቀጠሮ ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፎ ያንን ማጽዳት ሙሉ ቅዳሜዬን ወስዷል። ቀጠሮን የማንበብ ፈቃድ ላልታወቀ አፕ መስጠትም በራሱ ደስ አይልም።

የአይፎን ተጠቃሚዎች የጎግል አካውንታቸውን ወደ አፕል ካላንደር ማስገባት ይችላሉ፤ ይሁንና አፕል ካላንደር ከጎግል አዲስ ነገር የሚያመጣው በየተወሰነ ደቂቃ እየጠየቀ ስለሆነ፣ አሁን የጻፉት ቀጠሮ ወዲያው ላይታይ ይችላል። «ፌች» በሚለው ቅንብር ውስጥ በየ15 ደቂቃው እንዲያመጣ ማድረግ፣ «ዲፎልት ካላንደር» በሚለውም ላይ የጎግሉን መምረጥ ያስፈልጋል። አለበለዚያ አዲስ ቀጠሮ ወደ አይክላውድ ይሄድና አንድሮይዱ ላይ አይታይም። ጎግል ካላንደርን እዚያም ላይ መጫን ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ሰዓቱና ቀኑ የእኛ ሲሆን

የስልኩን ቋንቋ አማርኛ ያደረገ ሰው ከሰዓቱ አጠገብ «ጥዋት» እና «ከሰዓት» የሚሉ ቃላት ያያል። ቃላቱ የእኛ ናቸው፤ አቆጣጠሩ ግን የፈረንጅ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያለንን ስብሰባ «3:00 ጥዋት» ብለን ብንጽፍ ስልኩ የሚጠራን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። መፍትሔው የስልኩን ሰዓት ወደ ባለ 24 ሰዓት አቆጣጠር መቀየር ነው፤ ከዚያ በኋላ ስሌቱ አያምታታም። ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ላይ 6 ይደምሩ፤ የ3 ሰዓት ስብሰባ 9:00፣ የ8 ሰዓቱ 14:00 ይሆናል። ከምሽቱ 1 እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ባለው ላይ 18 ይደምሩ። ከሌሊቱ 6 ጀምሮ ደግሞ 6 ይቀንሱ። እኔ በተጨማሪ በርዕሱ ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብዬ በቃል እጽፋለሁ፤ ግብዣው ለሌላ ሰው ሲላክ ሁለቱም አቆጣጠሮች አብረው ይሄዳሉ። የሰዓት ቀጠናው ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት የሚቀድም መሆኑን ይመልከቱ፤ በዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባን ካጡ ናይሮቢን ይምረጡ፣ ሰዓቱ አንድ ነው።

ቀኑ ከሰዓቱ ይልቅ ያስቸግራል። «በየወሩ» የሚለው የስልኩ ምርጫ የሚከተለው አንዳንዱ 30፣ አንዳንዱ 31 ቀን የሆነውን የአውሮፓን ወር ነው። የእኛ ዕቁብ፣ የቤት ኪራይና የጽዋ ማኅበር ግን የሚሄዱት በ30 ቀን ወር ነው። በወር በ12 የሚካኤል ማኅበር ያለው ሰው «በየወሩ» ብሎ ከመዘገበ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ቀኑ መንሸራተት ይጀምራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን መስከረም 12 ላይ ይጻፉ፤ ለምሳሌ የ2019 መስከረም 12 በአውሮፓውያን ሴፕቴምበር 22 ቀን 2026 ነው። ከዚያ በድግግሞሹ ላይ «በየ30 ቀኑ» ብለው ማብቂያውን «ከ12 ጊዜ በኋላ» ያድርጉት። 12 የሚሆነው ከነሐሴ 12 በኋላ ጳጉሜን ስለምትገባ ነው፤ ድግግሞሹ ቢቀጥል ቀጣዩ ቀን መስከረም 7 ላይ ይወድቃል፣ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ መስከረም 6 ላይ።

በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጡ ቀኖችም ላይ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ማግስት አዲስ ዓመት በሴፕቴምበር 12 ይገባል፤ ስለዚህ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያሉ ቀኖች በአውሮፓው ካላንደር አንድ ቀን ይዘገያሉ። ጥምቀት ሁልጊዜ ጥር 11 ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19፣ በ2012 እና በ2016 ግን ጃንዋሪ 20 የዋለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በ2020ም እንዲሁ ይሆናል። ከመጋቢት 1 በኋላ ያሉት ቀኖች አይዛነፉም።

የሥራ ዝርዝሩ

ቀጠሮ ሰዓት አለው፤ ሥራ ግን እስኪሠራ ድረስ ይጠብቃል። ስለዚህ «የመብራት ክፍያ» ወይም «ፓስፖርት ማሳደስ» የሚሉት ካላንደር ውስጥ ሲገቡ ቀናቸው አልፎ ይረሳሉ። ጎግል ታስክስ በዚያው አካውንት ስለሚሠራና ቀን የተሰጠው ሥራ በጎግል ካላንደር ላይ ስለሚታይ ለአንድ ሰው ይበቃል። ጉድለቱ የግል ዝርዝርን ከቤተሰብ ጋር ማጋራት አለመቻሉ ነው። ለጋራ ዝርዝር ማይክሮሶፍት ቱ ዱ ይሻላል፤ በነጻ፣ በአንድሮይድም በአይፎንም ይሠራል፣ ዝርዝሩም በሊንክ ይጋራል። እኔና እህቴ የእናታችንን የዓይን ጠብታዎች የምንከታተለው በዚህ ነው፤ እሷ ካዛንችስ ካለው ቢሮዋ አጠገብ ገዝታ ምልክት ስታደርግ እኔ አራት ኪሎ ሆኜ አየዋለሁ፣ ሁለታችንም ደርበን አንገዛም። የአፕል ሪማይንደርስ የአንድሮይድ አፕ ስለሌለው ለተቀላቀለ ቤት አይሆንም። በውጭ ምንዛሪ ካርድ ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቁትን አልፌያቸዋለሁ። ብዙዎች ይወዱት የነበረው ዋንደርሊስት የሚባለው አፕ እንኳ በሚያዝያ 2012 ተዘግቷል፤ ስለዚህ መረጃዎን አውጥተው መውሰድ የማያስችል አፕ አይምረጡ።

ሙከራው

በአንደኛው ስልክ ላይ «ሙከራ አንድ» ብለው ለነገ ይጻፉ፤ በሁለተኛው ላይ ይፈልጉት። ከሁለተኛው ደግሞ «ሙከራ ሁለት» ብለው ይጻፉና በአንደኛው ይዩት። በአንዱ ካልታየ ዳኛው የኮምፒውተሩ ብራውዘር ነው፤ እዚያ ከታየ የማይቀበለው ስልክ ነው ችግር ያለበት፣ እዚያም ከሌለ የጻፉበት ስልክ ወይም የመረጡት ካላንደር ነው። የባትሪ ቁጠባና የዳታ ቁጠባ ቅንብሮች ከጀርባ የሚሠራውን ሲንክ ስለሚያቆሙ ለካላንደሩ ፈቃድ ይስጡት። ፓኬጅ እንዳያልቅ ዳታ አጥፍቶ የሚውል ሰው ጠዋትና ማታ ለጥቂት ደቂቃ ቢያበራ በቂ ነው፤ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ የሚበላው ዳታ ትንሽ ነው፣ አስቀድሞ የወረደ ቀጠሮም ኔትወርክ በሌለበት ይጠራል።

አሮጌውን ስልክ ለሌላ ሰው ከማስተላለፍዎ በፊት አካውንቱን ከውስጡ ያውጡ፤ ከዚያ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ያጽዱት።

የ30 ቀኖቹ ድግግሞሾች 12 ጊዜ ሲሞላቸው ስለሚያበቁ በየዓመቱ ጳጉሜን ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ እመድብላቸዋለሁ። የአዲሱን ዓመት ማኅበር፣ ዕቁብና ኪራይ ከመስከረም ጀምሮ እንደገና እጽፋለሁ፤ ከዚያ በኮምፒውተር ብራውዘር የጎግል ካላንደርን ቅንብር ከፍቼ «ኤክስፖርት» የሚለውን እጫናለሁ። የሚወርደውን ፋይል ዓመተ ምሕረቱን ጽፌበት ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ፍላሹ የሚቀመጠው 10ሩ ኮዶች ካሉበት ፖስታ ውስጥ ነው።