ሲጋራ ለሚያጨሰውም ለማያጨሰውም፦ የሥራ ቦታ ዕረፍትን ሳይቀያየሙ መካፈል

ደሴ ውስጥ በአንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ሥራ አስተባብራለሁ። አስራ አንድ ነን፣ አራቱ ያጨሳሉ። እኔ ድሮ አጨስ ነበር፣ ተውኩት። ስለዚህ የሁለቱም ወገን ወቀሳ ደርሶኛል።

ነገሩ የፈነዳው በጥር ነው። ጥር ለእኛ የሠርግ ካርድ ማለት ነው፣ ቁጭ የሚባልበት ወር አይደለም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሦስት ደንበኛ ቆሟል፣ ፎቶ ኮፒው ወረቀት ነክሶ ቀርቷል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራው ልጅ ብቻዋን ወዲያ ወዲህ ትላለች። ሁለቱ ልጆች በር ላይ ቆመው ያጨሳሉ፣ ሳቃቸው ውስጥ ድረስ ይሰማል። ልጅቷ ምንም አላለችም። ደንበኞቹን ሸኘች፣ ወረቀቱን ከማሽኑ ጎትታ አወጣች፣ ከዚያ ከአንደኛው ልጅ ፓኮ አንድ ፍሬ ሲጋራ መዘዘችና ሳትለኩስ በሁለት ጣቷ ይዛ አጥር ተደግፋ ቆመች። አስር ደቂቃ ሙሉ።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ዕረፍት ላይ ነኝ ጋሼ" አለችኝ።

ስቀን አለፍነው። ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ፣ ልጅቷ ልክ ነበረች። እኛ ቤት ዕረፍት የሚያሰጥ ነገር ሲጋራ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያደረግነውን፣ የተሳሳትነውንም ጨምሬ ልንገራችሁ። ሱቅ ላላችሁም፣ ጋራዥ ላላችሁም፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ፈረቃ ለምትመሩም ይሆናል።

መጀመሪያ ቁጠሩ፣ ሲጋራውን ግን አይደለም

የሚቆጠረው ደቂቃ ነው። አንድ ሳምንት ዝም ብላችሁ ያዙ። ስም አትጻፉ፣ "የሚያጨስ"፣ "የማያጨስ" ብቻ በሉ። ስልክ ይዞ የወጣውን፣ ሻይ ሊጠጣ የሄደውን፣ "መጣሁ" ብሎ የጠፋውን ሁሉ መዝግቡ። ራሳችሁንም። እኔ ራሴን ስይዝ አፈርኩ። በቀን ሁለት ጊዜ "ባንክ ደርሼ ልምጣ" የምላት ነገር ውስጥ አንድ ማኪያቶ ተደብቃ ነበር።

የሲጋራው ሒሳብ እንዲህ ወጣ። አንዱን ሲጋራ አጭሶ ለመጨረስ 5 ደቂቃ ገደማ ነው። ግን ሰውየው አንድ ፍሬ ለመግዛት ሱቅ ይሄዳል፣ ባለሱቁ "ዝርዝር የለኝም" ይላል፣ የኳስ ወሬ ይነሳል፣ 10 ደቂቃ ሆነ። በቀን 5 ጊዜ ከወጣ 50 ደቂቃ ነው። እንደኛ በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ 5 ሰዓት። በ4 ሳምንት 20 ሰዓት፣ ማለትም ሁለት ቀን ተኩል። (ሲጋራ በፍሬ መሸጥ በሕግ ክልክል መሆኑን ስንቱ ባለሱቅ እንደሚያውቅ እንጃ።) ወረቀቱን ለልጆቹ ሳሳያቸው አንደኛው "ይሄን ሁሉ ያረፍኩት እኔ ነኝ? ታዲያ ለምን ይደክመኛል?" አለ።

ቀልድ ይመስላል እንጂ እውነቱን ነው። ደም ውስጥ የገባ ኒኮቲን በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይወርዳል። ሲጎድል ሰውየው ይነጫነጫል፣ ሐሳቡ ይበተናል፣ ሲያጨስ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ የማያጨሱት "ሲዝናኑ ይውላሉ" የሚሉት ነገር ግማሹ ብቻ ነው ልክ። የሚያጨሱት ደግሞ "ሱስ ነው፣ ምን ላድርግ" ሲሉ የሌላው ሰው ትከሻ ላይ ሥራ እየጫኑ መሆኑን ይረሳሉ።

ሕጉ ምን ይላል

ሁለት ነገር ብቻ ያዙ። አንደኛ፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በተዘጋ የሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስ ይከለክላል፤ ከበርና ከሚከፈት መስኮት በ10 ሜትር ውስጥም እንዲሁ። እንግዲህ "በር ላይ ወጥቼ ላጭስ" የሚለው ልማዳችን ራሱ ክልክል ነው። እኛ 10 ሜትር ስንለካ የጎረቤት በር ላይ ደረስን፤ ደሴ መሐል ቤት ከቤት ተጣብቆ ነው የተሠራው። በመጨረሻ ከጓሮ አጥር ጥግ አንድ ቦታ ተገኘ። የዘይት ቆርቆሮ ግማሽ ድረስ አሸዋ ሞላንበትና መተርኮሻ አደረግነው። ወረቀትና ማሽን የሚታጠብበት ቤንዚን ባለበት ቤት ይሄ ቅንጦት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል። የሲጋራ ዕረፍት የሚባል ነገር ግን ውስጡ የለም፤ ለማንም መብት አይደለም፣ በስምምነት የሚሆን ነው። "እንግዲያው ከደመወዛቸው ልቁረጥ" ያላችሁ ግን ቆም በሉ። ሕግ፣ ፍርድ ቤት ወይም የኅብረት ስምምነት ካላዘዘ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ ደመወዝ አይነካም።

እኛ መጀመሪያ የሠራነው ስህተት ክልከላ ነበር። በሥራ ሰዓት ሲጋራ የለም፣ አበቃ አልን። በሦስተኛው ቀን ሽንት ቤቱ እንደ ወጥ ቤት ይጨስ ጀመር። እንዳትሞክሩት።

ደቂቃውን ለሁሉም እኩል ስጡ

የሠራልን ይሄ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 30 ደቂቃ፣ ከምሳ ሌላ። ግማሹ ከረፋዱ 4 ሰዓት አካባቢ፣ ግማሹ ከሰዓት። የሚያጨስ ሰው 15 እና 15 ካልተመቸው ሦስት ጊዜ 10 አድርጎ ይከፋፍለው። የማያጨሰው ይተኛበት፣ ስልክ ያውራበት፣ ቲክቶክ ይይበት፣ ሰማይ ላይ ያፍጥጥበት። ምን አደረግክበት ብሎ መጠየቅ የለም። ይሄ ነጥብ ትንሽ ይመስላል ግን ቁልፉ እሱ ነው፤ ዕረፍት ምክንያት ማቅረብ ሲጠይቅ ጠንካራ ምክንያት ያለው ሱሰኛው ብቻ ይሆናልና።

ጃፓን ውስጥ ፒያላ የሚባል የቶኪዮ ኩባንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ለማያጨሱ ሠራተኞቹ በዓመት 6 ቀን ተጨማሪ የሚከፈልበት ፈቃድ ሰጥቷል። ቢሯቸው 29ኛ ፎቅ ላይ ነበር፣ ማጨሻው ምድር ቤት፣ አንዷ ሲጋራ 15 ደቂቃ ትፈጅ ነበር። ሐሳቡ ደስ ይላል። ለአስራ አንድ ሰው ቤት ግን አልወደድኩትም። ሠርግ ላይ አንዲት ሲጋራ ያጨሰው አጫሽ ነው ወይስ አይደለም እያልን ልንከራከር ነው። ደቂቃ እኩል ሲሆን ማንም የማንንም አፍ አያሸትም።

ሶላትን ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አታስገቡት። እኛ ጋ አንዱ "የአስር ሶላትም ይቆጠር እንጂ" ብሎ ነበር፣ ዙሁሩ በምሳ ሰዓት ቢያልፍም አስሩ ከሰዓት ሥራ መሐል ይገባልና። ክርስቲያን የሆኑት ናቸው "ኧረ ተው!" ያሉት። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ማንሳት ያስነውራል፣ እኔም ደስ አለኝ። ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ለምሳና ለጁምዓ እንደሚወጣው እኛም እንወጣለን። በረመዳን የሚጾም ሰው 30 ደቂቃውን አጠራቅሞ ማታ ቀድሞ ይወጣል፣ ለማፍጠሪያው ይደርሳል። ለሚያጨሰው ጿሚ ግን የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፣ አትጋፉት።

የሚያናድደው ደቂቃው ሳይሆን ሸክሙ ነው

ይሄን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። ደቂቃውን እኩል ካደረግን በኋላም ልጅቷ ፊቷ አልፈታም። "ምን ቀረ?" ብላት "እኔ ስወጣ ሥራዬ ይጠብቀኛል፣ እነሱ ሲወጡ ሥራቸው እኔ ላይ ይወድቃል" አለችኝ።

ወረቀት መቁረጫው ላይ ያለው ልጅ ሲወጣ ማሽኑ ይቆማል፣ ማንም አይጎዳም። ደንበኛ የሚቀበለው ሲወጣ ግን ደንበኛው አይቆምም። "እህት፣ ያ ልጅ የለም?" ይላል። እሷ የጀመረችውን ዲዛይን ትታ ትነሳለች፣ ደረሰኝ ትፈልጋለች፣ ቀብድ ትቀበላለች፣ ስትመለስ የት እንደነበረች ጠፍቷታል። የእሱ 10 ደቂቃ እሷን 20 ደቂቃ በላ። ይሄ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይታይም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ደነገግን። አንድ፣ ሁለት ሰው አብሮ አይወጣም፣ በተለይ ፊት ለፊት ያሉት። ሁለት፣ የሚወጣ ሰው አፉን አውጥቶ ያስረክባል። "ወጣሁ" ማለት ማስረከብ አይደለም፤ "የእገሌ ካርድ 200 ፍሬ ነው፣ ቀብድ ከፍሏል፣ ከመጣ ማታ በለው" ነው ማስረከብ። ሦስት፣ የሸፈነልህን ሰው በዚያው ቀን ትሸፍንለታለህ፣ ነገ አይባልም። ሦስተኛውን ለማስለመድ አንድ ወር ፈጀብን፣ ዛሬም አልፎ አልፎ ይንሸራተታል።

አለቃ ካልሆናችሁስ?

እኛ ወሎዬዎች ይሉኝታ ይገድለናል። አምስት ወር ተናድደን "ኧረ ምንም አይደል" እንላለን። ከዚያ አንድ ቀን በሲጋራው ሳይሆን በስቴፕለር እንጣላለን።

የሚያጨሰውን ባልደረባችሁን ደንበኛ ፊት አትናገሩት። ጭሱንም ሰበብ አታድርጉ፣ ቅር ያላችሁ ሥራው ከሆነ ስለ ሥራው አውሩ። ቡና ሲፈላ ጥሩ ጊዜ ነው፤ አቦሉ ላይ ጨዋታው ይሙቅ፣ ቶናው ላይ አንሱት፣ በረካው ሳይጠጣ ተነስቶ የሚሄድ የለም። "ወንድሜ፣ ስትወጣ ደንበኛው እኔ ላይ ይመጣል፣ እንዴት ብናደርግ ይሻላል?" በቂ ነው። "አንተ ሁሌ" ብላችሁ ከጀመራችሁ ግን አለቀ፣ ሰውየው የእናንተን ስልክ መቁጠር ይጀምራል።

ለአለቃ ደግሞ ክስ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ሐሳብ ይዛችሁ ሂዱ። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት። ሁላችንም ረፋድና ከሰዓት አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ ቢኖረን፣ ተራ እናወጣለን፣ ፊት ለፊቱም ባዶ አይሆንም።" የማንም ስም የለበትም። አለቃው ራሱ የሚያጨስ ከሆነ ይሄ አባባል ነፍስ ያድናል።

ለምታጨሱት ትንሽ ብቻ። እጃችሁን ታጠቡ፤ የታተመ ነጭ ካርድ ላይ የሲጋራ ሽታ እንደሚቀር ደንበኛ ነግሮኛል፣ አፍሬያለሁ። ለማቆም የሚሞክር ባልደረባ ካለ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት በጣም ከባዶቹ ናቸው፣ ብስጭቱ እስከ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በዚያ ጊዜ ደቂቃውን አትቁጠሩበት። ፍላጎቱ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው፣ ጓሮውን አንድ ዙር ቢዞር ያልፍለታል። እኔን ያሻገረኝ ከቤቱ እስከ መናፈሻ ደርሶ መመለስ ነበር።

በወሩ እንደገና አንድ ሳምንት ቁጠሩ። እኛ ስንቆጥር የሚያጨሱት ወደ 35 ደቂቃ ወርደዋል፣ የማያጨሱት ወደ 25 ወጥተዋል። ልክ 30 አልሆነም፣ እኔም አልጨቀጨቅኩም።

አሁን ያለብን ጣጣ ሌላ ነው። ያ የጓሮ ጥግ ለካ ከግቢው ሁሉ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ጣት በሚያደነዝዝበት ጠዋት የማያጨሱትም እዚያ ካልተቀመጥን አሉ። ጭሱ እንዳይደርሳቸው ሁለተኛ አግዳሚ ከነፋሱ በላይ በኩል አስገባን። ልጆቹ ቦታውን በንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ ስም "አይጠየፍ" ብለው ሰይመውታል። ያቺ ልጅ በአራት ሰዓት ቆሎዋን ይዛ ትወጣለች፣ ለአጫሾቹም ትዘግንላቸዋለች፣ መጀመሪያ እጃቸውን ካስታጠበች በኋላ።