አሰለፍኩት፣ ግን አልተሰለፈም፦ የዲያግራም መሥሪያ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ዲያግራም መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ ሰውን ቶሎ የሚያናድደው የማሰለፊያው በተን ነው። ሁለት ሳጥኖች በ1 ፒክስል ከተዛነፉ ዓይን ወዲያው ያያል። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የሒሳቡ አይደለም። አንዳንዴ በተኑ ላይ ያለችው ትንሽ ሥዕል፣ የአይከኑ ነው። እንዲህ ዓይነት ሶፍትዌር ለምትሠሩ ችግሮቹን ከነመፍትሄያቸው እነሆ።

አይከኑ ደብዝዟል

ባለ 1 ፒክስል መስመር ስላችሁ ስክሪኑ ላይ ወፈር ያለ ግራጫ ነገር ታያላችሁ። ኤስቪጂ (አይከን የሚሳልበት የሥዕል ፎርማት) የመስመሩን ውፍረት ግራና ቀኝ እኩል ያካፍላል። ቀጥ ያለ መስመር ኤክስ 4 ላይ (ከግራ ጠርዝ 4 ፒክስል ርቆ) ካቆማችሁ ግማሹ በአንዱ ፒክስል፣ ግማሹ በጎረቤቱ ላይ ያርፋል። 4.5 ላይ አድርጉት፤ ጥርት ይላል።

የመሃል ማሰለፊያው አይከን ይብሳል። የአይከኑ ወርድ 16 ፒክስል ከሆነ መሃል ፒክስል የለውም፤ 8 ወዲህ፣ 8 ወዲያ ነው። ስለዚህ ባለ 1 ፒክስል የመሃል መስመር ወደ አንድ ጎን መሸሹ አይቀርም። ማሰለፊያው ራሱ ተዛንፎ ሲገኝ ያስቃል። እኔ ሥዕሉን 15 ፒክስል ውስጥ አስገባዋለሁ፦ 7፣ 1፣ 7። የቀረችው ባዶ ትሁን። በውስጡ ያሉት ሳጥኖችም ወርዳቸው እንደ 7 እና 11 ጎዶሎ ቁጥር ይሁን።

ስክሪኑ ወደ 150 በመቶ ሲጎላ ደግሞ 16ቱ 24፣ መስመሩ 1.5 ይሆናል። ድብዛዜው ተመልሶ መጣ ማለት ነው። 24ቱን ለብቻው ከመሳል ውጪ አማራጭ አላገኘሁም።

ሰው የተሳሳተውን በተን ይጫናል

ሳጥን ሊያሰልፍ ብሎ ጽሑፉን ወደ ግራ ይወስደዋል። ሁለቱም አይከኖች የተደረደሩ ጭረቶች ከሆኑ ምን ያድርግ? የሳጥን ማሰለፊያው አይከን ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመርና ከሱ የተጣበቁ ሁለት ወፍራም ሳጥኖች ሳሉ። ርዝመታቸው ይለያይ፤ እኩል ከሆኑ በሁለቱም ጎን የተሰለፉ ይመስላሉ።

ተሰልፎም ተዛንፎ ይታያል

የሳጥኖቹን ድንበር እዩ። አንዱ 1፣ ሌላው 4 ፒክስል ከሆነ ወደ ውጭ የሚወጣው 0.5 እና 2 ነው። የ1.5 ልዩነቱን ዓይን አይምርም። ሒሳቡን ከሚታየው ጠርዝ አስነሱት፤ ጥላውን ግን አትቁጠሩ።

«ሳጥኔ የት ሄደ?» ካሏችሁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የተመረጡት ሁሉ የሚሰለፉት ከማን ጋር ነው? ከጠቅላላው ምርጫ ጠርዝ ወይስ መጨረሻ ከተመረጠው ጋር? ሁለቱም ያስኬዳል። የማያስኬደው መደበቁ ነው። መነሻ የሆነውን ቅርጽ በወፍራም ድንበር ለዩት።

ክፍተቱ እኩል አይደለም

ወርዳቸው 40፣ 100 እና 60 የሆኑ ሦስት ሳጥኖች ከ0 እስከ 400 አሉ እንበል። ከመሃል እስከ መሃል ያለው ርቀት እኩል እንዲሆን ካራራቃችኋቸው ክፍተቶቹ 105 እና 95 ይወጣሉ። ተጠቃሚው የሚያየው መሃሉን ሳይሆን ባዶውን ቦታ ነው። ከ400 የወርዶቹን ድምር 200 ቀንሱ፣ ቀሪውን ለ2 አካፍሉ፤ 100 እና 100። ውጤቱ ሙሉ ቁጥር ካልሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ክፍተት አታጠጋጉ፤ ስህተቱ ይጠራቀማል። ቦታውን ከመነሻው አስልታችሁ መጨረሻ ላይ አጠጋጉ።

ለመመለስ ኮንትሮል ዜድ 5 ጊዜ ያስፈልጋል

5 ሳጥን ስለተንቀሳቀሰ 5 እርምጃ ተመዝግቧል። ሰውየው የተጫነው ግን አንዴ ነው። በአንድ እርምጃ መዝግቡት።