የወጣቶች አማካሪ ምክር ቤት ስታቋቁሙ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ወረዳዎች የወጣቶች አማካሪ ምክር ቤት፣ ማለትም ወጣቶች ለወረዳው አስተዳደር ሐሳብ የሚያቀርቡበት ጉባኤ፣ ሲቋቋም፣ ሲሰበሰብ፣ ከዚያም ድምፁ ሲጠፋ ለዓመታት ከጎን ሆኜ አይቻለሁ። ምክንያቱ ከወረዳ ወረዳ ብዙም አይለያይም። ዘንድሮም አዲስ ለማቋቋም የተነሡ ባለሙያዎች ሲደውሉልኝ ያንኑ መንገድ ሊጀምሩት እንደሆነ ስለገባኝ ይህን ጻፍኩ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ወጣቶቹን የበጀቱ ነገር ካለቀ በኋላ መጥራት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከክልሉ የሚወርደው የድጎማ በጀት ወረዳ ሲደርስ ሰፊው እጅ ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ባለሙያዎች ደመወዝ ይሄዳል። ከቀሪው ሥራ ማስኬጃ ይነሣል። ለአዲስ ሥራ የምትተርፈው ትንሽ ናት። ያቺ ትንሽ ብር የት ቀበሌ ለምን እንደምትውል የሚታሰበው ደግሞ በበጋው፣ ረቂቁ ሲሰናዳ ነው። የወረዳው ምክር ቤት እጅ አውጥቶ ሲያጸድቅ ቁጥሩ ቦታ ቦታውን ይዟል። ወጣቶቹ ግን መቼ ይጠራሉ? ሰኔ መጨረሻ፣ አንዳንዴም ነሐሴ ላይ፣ "የዕቅድ ትውውቅ" ተብሎ። አዳራሽ ይሞላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ውኃና ለስላሳ ይታደላል፣ "አስተያየት ካላችሁ" ይባላል። ምኑ ላይ ነው አስተያየት የሚሰጡት? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ያለቀ ነገር ማሳወቅ ይህን መብት አያሟላም።

ይህን የምለው እኔም ስላደረግሁት ነው። አንድ ወረዳ ላይ ልጆቹ ትልቅ ነገር ይዘው መጡ። ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው፣ ስንቅ ከቤት እያመላለሱ የሚማሩ ተማሪዎችን ቤት ለቤት ጠየቁ። አራትና አምስት ሆነው በአንዲት ክፍል ይኖራሉ፤ ማታ የሚያነቡበት ቦታ የላቸውም። ልጆቹ ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ይከፈት፣ ለአንድ ጥበቃና ለአንድ ሠራተኛ ማታ ለሚሠሩበት ይከፈል። ወጪውን ሳይቀር አስልተው ነበር። ሰነዱ አስተዳደሩ ጠረጴዛ ላይ የደረሰው ግን ሰኔ 20 አልፎ ነው። "እጅግ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይያዝ" ተባሉ። በሚቀጥለው ዓመት ከልጆቹ ግማሹ በወረዳው አልነበሩም። የጊዜ ሰሌዳውን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። መጠይቁን ሚያዝያ ላይ አስጀመርኳቸው፤ ለምን እንደዘገየሁ ዛሬ ሳስበው በቂ ምክንያት አላገኝለትም።

ስለዚህ ጥቅምት ላይ ጀምሩ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ስለሆነ የገበሬ ልጆች አይገኙም፤ አትጥሯቸው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሰብስቧቸውና ሐሳባቸውን በሁለት ገጽ ጽፈው የካቲት ሳይወጣ ለወረዳው ካቢኔና ለወረዳው ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ያስገቡ። ከዚያ በፊት ግን በጀት ማንበብ አስተምሯቸው። የትኛው ደመወዝ፣ የትኛው ሥራ ማስኬጃ፣ የትኛው ካፒታል (ለግንባታና ለቋሚ ንብረት የሚወጣ) እንደሆነ ያልተነገረው ልጅ አስፋልት ይጠይቃል፣ እናንተም ትስቁበታላችሁ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ሌላው፣ መልስ አለመስጠት ነው። ምክር የሰጠ ሰው ምክሩ የት እንደደረሰ ማወቅ አለበት። መቋቋሚያ ደንቡ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፤ አስተዳደሩ በ30 ቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ ሐሳብ በጽሑፍ ይመልሳል፤ ተቀብያለሁ፣ አልተቀበልኩም፣ ምክንያቴም ይህ ነው። "አይሆንም" የሚል ደብዳቤ ወጣትን አያባርርም። አንድ ልጅ እንደዚህ ያለውን ደብዳቤ አጣጥፎ ኪሱ ይዞ ሲዞር አይቻለሁ፤ ማህተም ያለበት መልስ በስሙ የደረሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። የሚያባርራቸው ዝምታው ነው። በአሜሪካ የሜይን ግዛት ምክር ቤት የወጣቶች አማካሪ ምክር ቤቱን በሕግ ሲያቋቁም የሕዝብ ተወካዮችን ከወጣቶቹ ጋር አብሮ አስቀምጧል፤ ረቂቅ ሕግ የማቅረብ ዕድልም ሰጥቷቸዋል። የእኛ ወረዳ እዚያ ይድረስ አላልኩም፤ መልስ መጻፍ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው።

አመራረጡም ያሳስበኛል። ለቀበሌው "ሁለት ወጣት ላኩ" የሚል ደብዳቤ ከጻፋችሁ የሚመጡት ሁልጊዜ የሚመጡት ናቸው፤ አንደበተ ርቱዕ፣ ሊቀ መንበሩ የሚያውቃቸው፣ ባለፈው ሥልጠናም የነበሩ። የቀሩት እነማን ናቸው? 12ኛን ጨርሶ ውጤት ያልመጣለት፣ አባቱ ጋር ተመልሶ በሬ የሚጠምድ ልጅ አለ። በክልሉ ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ዛሬ 29 ዓመት የሞላው ወጣት የተወለደው በዚያው ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደው አብዛኛው ልጅ መሬት የሚያገኘው ቤተሰብ ካወረሰው ወይም ከሰጠው፣ አለዚያም ተከራይቶ ወይም እኩል አርሶ ነው። ይህን ልጅ ያላስቀመጠ የጎጃም ወጣቶች ምክር ቤት ስለ ወጣት ሥራ አጥነት ምን ይመክራል? ከመቀመጫው የተወሰነውን በየመንደሩ ስም ጽፋችሁ በዕጣ ሙሉት። እኔ ባየሁት ቦታ በዕጣ የገቡት ከስብሰባ የቀሩበት ቀን ጥቂት ነው።

ዕድሜን በሚመለከት አጭር ነገር፤ የ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ያለውን ነው። የ16 ዓመት ልጅና ሦስት ልጅ ያለው የ29 ዓመት አባወራ በአንድ ክብ ቢቀመጡ ታናሹ አይናገርም። መጀመሪያ ለየብቻ አወያዩአቸው።

ከፓርቲ የወጣቶች ሊግ ጋር አታቀላቅሉት። ሊጉ የራሱ ሥራ አለው። ለማንኛውም ወጣት ክፍት ያልሆነ አማካሪ ለአስተዳደሩ የሚነግረው አስተዳደሩ የሚያውቀውን ነው።

አጀንዳውን ስፖርት፣ ሱስና ችግኝ ላይ ብቻ አታቁሙት። የማዳበሪያ ስርጭት፣ የገበያ ቦታ፣ የጤና ጣቢያ ሰዓትም የወጣት ጉዳይ ነው።

ሽማግሌዎቹን ደግሞ ሳትነግሩ አትጀምሩ። አንድ ቀበሌ ላይ ልጆቹ ሐሳባቸውን አቅርበው ሲጨርሱ አንድ አዛውንት ተነሥተው "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመችና "አባቴ፣ ውኃውን የምንቀዳው፣ እህሉን ወፍጮ ቤት የምንወስደው እኛ ነን። ማቡካቱን አጠገባችን ሆነው ያሳዩን እንጂ" አለች። አዛውንቱ ቆይተው "እውነትሽን ነው ልጄ፣ ተባረኪ" አሏት፤ በኋላም ወደ አስተዳዳሪው ቢሮ ከልጆቹ ጋር ሄዱ። ያ ቀን በደህና አለፈ፤ አስቀድመን ቤታቸው ሄደን አማክረናቸው ቢሆን ግን ልጅቷ ያንን ጫና ብቻዋን ባልተሸከመች።

የሴቶቹ ነገር የሚበላሸው በሰዓት ነው። ስብሰባ ከሰዓት በኋላ ጠርታችሁ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከበተናችሁ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግር የምትሄደዋ ልጅ በሚቀጥለው አትመጣም፤ ቤተሰቧም አይልካትም። ጠዋት ጀምሩ፣ ለምሳ ሳይደርስ ጨርሱ፤ የትራንስፖርቱን ገንዘብ ፈርማ ከመሄዷ በፊት በእጇ ስጧት፤ "በኋላ ይላካል" አትበሉ። መንገድ በሚዘጋበትና ስልክ በሚቋረጥበት ጊዜ ደግሞ ሁሉንም ወረዳ ከተማ አትጥሩ። ሦስትና አራት አጎራባች ቀበሌዎች በቅርባቸው ይሰብሰቡ፤ ቃለ ጉባኤውን አንድ ሰው ያምጣው።

ቃለ ጉባኤውን ካነሣሁ አይቀር፣ በልቅ ወረቀት አትያዙት። ገጹ የተቆጠረ መዝገብ ግዙ፤ ጸሐፊዋ ስትለቅ አዲሷ ፈርማ ትረከበው።